ዲዳ መስላ የኖረችው ሴት ታሪክ የቱ መጽሐፍ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይሄን አምድ ሁሌ አነበዋለሁ ግን ጽፌ አላውቅም፣ አሁን የጻፍኩት አንድ መጽሐፍ ለብዙ ዓመት ስፈልግ ኖሬ ስላቃተኝ ነው። ኮሌጅ እያለሁ ያነበብኩት የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነው፣ ካቨሩ ተገንጥሎ ስለነበር ርዕሱንም ደራሲውንም አላየሁም፣ የሰው ስለነበረ ደግሞ ቶሎ መለስኩት። ስለ አይሁዶች ነው፣ ድሮ ዘመን። ኮሳኮች ከተማውን አጥፍተውበት ሚስቱና ልጆቹ የተገደሉበት አንድ የተማረ ሰውዬ አለ፣ እሱ ራሱ ተሽጦ ተራራ ላይ የገበሬ ከብት ይጠብቃል። የገበሬው ልጅ ምግብ ታመጣለታለች፣ ይዋደዳሉ። ሃይማኖቱን እንዳይረሳ ትእዛዛቱን ድንጋይ ላይ ሲፍቅ ትዝ ይለኛል። በኋላ ሌላ ከተማ ሄደው አይሁዶች መሃል ሲኖሩ እሷ ዲዳ መስላ ነው የምትኖረው፣ ምጥ ሲይዛት ግን ጮሃ ታወራለች፣ እዛ ጋ በጣም ነው ያለቀስኩት። ግራ የሚገባኝ ግን እዛው መጽሐፍ ላይ ዓለም በ36 ጻድቃን ነው የቆመው የሚል ነገር አለ፣ ጻድቅነቱ ከአባት ለልጅ የሚወርድ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ባቡር ውስጥ አንድ ወጣት ለህጻናት ተረት እየነገረ አብሯቸው ወደ ሞት ይሄዳል። ኮሳክና ባቡር እንዴት አንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል? አንድ ወዳጄ ኤክሶደስ ነው ብሎኝ ገዝቼ አንብቤ ጨረስኩት፣ አይደለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ስለ አጥንት የሆነ ነገር ነበር፣ እሱን እኔ ልለመው ወይ እውነት ይኑር አላውቅም። እባካችሁ እርዱኝ። (አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ ጤና ይስጥልኝ። መልሱን ሳላስጠብቅሽ ልንገርሽ፣ የምትፈልጊው አንድ መጽሐፍ ሳይሆን ሁለት ነው። ከብት ጠባቂውና ዲዳ መስላ የኖረችው ሴት ያሉበት የአይዛክ ባሼቪስ ሲንገር ዘ ስሌቭ ነው፣ በእንግሊዝኛ በ1962 የወጣ። 36ቱ ጻድቃንና ባቡሩ ደግሞ የአንድሬ ሽዋርዝ ባርት ዘ ላስት ኦፍ ዘ ጀስት ነው፣ በፈረንሳይኛ በ1959 የታተመና በዛው ዓመት የፈረንሳይን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ጎንኩርን ያገኘ። ሁለቱም ውስጥ የፖላንድ የአይሁድ ከተማ አለ፣ ሁለቱም ውስጥ ሰው ከልቡ ደግ በመሆኑ መከራ ይበላል፣ በተቀራረበ ጊዜ ላነበባቸው ሰው ዓመታት ሲያልፉ አንድ ታሪክ ቢሆኑ አይገርምም። ኤክሶደስ ግን እውነትሽን ነው ጭራሽ አይደለም፣ እሱ በ1958 የወጣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለ ስደተኛ መርከብና ስለ እስራኤል መንግሥት መመስረት የሚተርክ ነው፣ የአይሁድ ታሪክ ያለበት ልቦለድ ሲባል ሰው ሁሉ አፉ ላይ ቶሎ የሚመጣለት እሱ ስለሆነ ነው ወዳጅሽም ያለሽ።

አሁን እንዴት እንደለየሁት በደንብ ላስረዳሽ፣ ሌላም ሰው ርዕሱ የጠፋበትን መጽሐፍ ሲፈልግ ይጠቅመዋል ብዬ ስለማምን። ብዙ ሰው ሲጽፍልን ፕሎቱን ነው የሚነግረን፣ ተዋደዱ ተለያዩ ሞተች ምናምን። በእሱ ግን መጽሐፍ አይገኝም፣ ስንት ሺህ ልቦለድ ውስጥ ነው ሰው የሚዋደደውና የሚለያየው። ታሪካዊ ልቦለድ ከሆነ መጀመሪያ መያዝ ያለበት ከታሪኩ ስር ያለው እውነተኛ ክስተት ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ በዛ ዘመንና በዛ ቦታ ካልሆነ በቀር ሊፈጠር የማይችል ትዕይንት። አንቺ ሳታውቂው ሁለቱንም ሰጥተሽኛል፣ ኮሳኮቹ ክስተቱ ናቸው፣ የሴትየዋ ዝምታ ደግሞ ትዕይንቱ።

ኮሳክ፣ ማለትም የዩክሬን ፈረሰኛ ተዋጊ፣ ሲባል አይሁዶች የጅምላ እልቂት የደረሰባቸው በ1648 በቦህዳን ክሜልኒትስኪ መሪነት በተነሳው አመጽ ነው። በዛን ጊዜ ዩክሬን ትልቁ ክፍሏ በፖላንድና ሊትዌኒያ መንግሥት ስር ነበረች፣ መሬቱ የፖላንድ መኳንንት ነው፣ መኳንንቱ ግን ብዙዎቹ ሩቅ ስለሚኖሩ ርስታቸውን፣ ወፍጮውን፣ የአረቄ ማውጫውን ለአይሁዶች ያከራያሉ፣ ገበሬው ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው፣ ጭሰኛ ነው፣ ግብሩን የሚቀበለው ጌታው ሳይሆን በየቀኑ የሚያየው አይሁዳዊው ተከራይ ነው። እና አመጹ ሲፈነዳ ቁጣው ጌታው ላይም ካቶሊኩ ላይም አይሁዱም ላይ ወረደ፣ አይሁዱ ግን ግንብም ጦርም የለውም። ኔሚሮቭ የምትባለው ከተማ በ1648 ሰኔ ላይ ያለቀችበትን ሁኔታ ናታን ሃኖቨር የተባለ የዘመኑ ሰው ጽፎታል፣ መጽሐፉም በ1653 ቬኒስ ላይ ታትሟል። በዛ ዘመን የተጻፉት ዜና መዋዕሎች የሟቹን ቁጥር ከ100,000 በላይ ያደርሱታል፣ የዛሬ ተመራማሪዎች ሰነድ አመሳክረው ወደ 20,000 አካባቢ ያወርዱታል፣ እሱም ቢሆን በጊዜው እዛ ይኖር ከነበረው አይሁድ ግማሽ ገደማ ነው የሚባለው፣ እና ቁጥሩ ቀነሰ ተብሎ መከራው አይቀንስም። የክሜልኒትስኪ አጋር የነበሩት የክሪሚያ ታታሮች ደግሞ ብዙ ምርኮኛ እየነዱ እስታንቡል ገበያ ላይ ይሸጡ ነበር፣ የጣሊያንና የአምስተርዳም አይሁዶች ገንዘብ አዋጥተው ያስለቅቋቸው ነበር፣ ምርኮኛን መዋጀት በአይሁድ ሕግ ከትልልቆቹ ትእዛዛት አንዱ ስለሆነ። ስለዚህ አንድ የተማረ ሰው ተሽጦ ከብት ጠባቂ ሆነ ሲባል ደራሲው ከአየር ላይ ያመጣው ነገር አይደለም። እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስተካክልልሽ፣ ሰውየውን የሸጡት ኮሳኮቹ ራሳቸው አይደሉም፣ ከእነሱ አምልጦ ሲሸሽ የፖላንድ ሽፍቶች ናቸው ይዘው ለተራራ ገበሬ የሸጡት።

እሺ፣ 1648ን ከያዝን የሚቀሩት መጽሐፎች ጥቂት ናቸው፣ ከነዛ ውስጥ ሁለቱ የራሱ የሲንገር ናቸው። የመጀመሪያው ሳታን ኢን ጎራይ የሚባለው ነው፣ እልቂቱ ካለፈ በኋላ የተረፉት ሰዎች ትንሽዬ ከተማቸው ተመልሰው መሲሁ መጥቷል የሚል ወሬ ሲያሳብዳቸው የሚያሳይ፣ ወሬው ደግሞ እውነተኛ ነው፣ ሳባታይ ዝቪ የሚባል የስሚርና ሰው በ1665 መሲህ ነኝ ብሎ ከየመን እስከ ፖላንድ ያለውን አይሁድ ካነቃነቀ በኋላ በ1666 የኦቶማኑ ሱልጣን ፊት ቀርቦ እስልምናን ተቀብሏል። እሱ መጽሐፍ ውስጥ ግን ተራራም የለም ከብትም የለም፣ እዛ ያለችው ሬሄሌ የምትባል ርኩስ መንፈስ ያደረባት ሚስኪን ልጅ ናት። ስለዚህ ዘ ስሌቭ ቀረ።

ዘ ስሌቭን ያረጋገጠልኝ ግን የሴትየዋ ዝምታ ነው። ታሪኩን ላስታውስሽ። ሰውየው ያዕቆብ ይባላል፣ የዮዜፎቭ ሰው ነው፣ የገበሬው ልጅ ዋንዳ ትባላለች፣ ባሏ የሞተባት ናት። እሱ የእነሱን ስጋ አይበላም፣ ሰንበቱን ይጠብቃል፣ 613ቱን ትእዛዛት፣ ማለትም 248ቱን አድርግና 365ቱን አታድርግ፣ እያስታወሰ ድንጋይ ላይ ይፍቃል፣ ያንቺ ትዝታ ትክክል ነው። ከዓመታት በኋላ የከተማው አይሁዶች በገንዘብ ዋጅተው ይወስዱታል፣ ነፃ ወጣ። ግን ዋንዳን መርሳት አልቻለም፣ አገሩ ውስጥ ሊድሩለት ያሰቧትን ባለሃብት መበለት ትቶ ተመልሶ ሄዶ ይዟት ይጠፋል፣ ፒሊትዝ የምትባል ማንም የማያውቃቸው ከተማ ይሰፍራሉ፣ ስሟም ሣራ ይሆናል።

እዚህ ጋ ነው የዘመኑን ሕግ ማወቅ የሚያስፈልገው። በዛን ጊዜ ፖላንድ ውስጥ ክርስቲያን የነበረ ሰው ወደ አይሁድ ሃይማኖት ከገባ ቅጣቱ ሞት ነው። ይሄ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ሕግ አልነበረም፣ በ1539 ክራኮው ከተማ ካታዢና ቫይግሎቫ የምትባል የ80 ዓመት ገደማ አሮጊት የአይሁድ እምነት ተቀብላለች ተብላ አደባባይ ላይ ተቃጥላለች። የተቀበላት ማህበረሰብም አደጋው ይደርስበታል፣ ስለዚህ አይሁዶቹም ቢሆኑ ቢያውቁ ያባርሯታል። ሣራ የዛ አገር አይሁዶች የሚናገሩትን ይዲሽ ብትናገር አነጋገሯ የተራራ ገበሬ ልጅ መሆኗን ወዲያው ያጋልጣል፣ ፖሊሽ ብትናገርም ያው ነው። ስለዚህ ያላት ምርጫ አለመናገር ብቻ ነው፣ ዲዳና ደንቆሮ ናት ተባለ። ሌላ ልቦለድ ውስጥ ዲዳ ሴት ልታገኚ ትችያለሽ፣ ግን ቋንቋዋ ሞት ስለሚያመጣባት ዝም ያለች ሴት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፖላንድ፣ አይሁዶች መሃል፣ ይሄ አንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያለው ማለት እችላለሁ።

እና ምናልባት የረሳሽው አንድ ነገር አለ፣ ለኔ ከምጡም በላይ የሚከብደኝ እሱ ነው። የከተማው ሴቶች አትሰማም ብለው ስለሚያስቡ እዛው ፊቷ ላይ ያሟታል። ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ባሏ፣ ምን አይቶ አገባት፣ ሁሉንም ትሰማለች፣ ፊቷ ላይ ምንም እንዳይታይባት እየታገለች። ማታ ቤታቸው በር ሲዘጋ ብቻ ነው ከባሏ ጋር የምታወራው፣ እሱም ቶራህ ያስተምራታል፣ እሷም ከእነዛ ከተወለዱበት ሴቶች በላይ ከልቧ ትጠይቃለች። ሲንገር በዚህ በኩል ያለ ርህራሄ ነው የጻፈው፣ ምግቡን በጥንቃቄ የሚመርጥ ሰው የጎረቤቱን ስም ግን ያለ ጥንቃቄ ሲበላ ያሳያል። ያዕቆብም ይሄን አይቶ ነው የሚንገበገበው፣ በሰውና በእግዚአብሔር መሃል ያለውን ሕግ ጠብቀው በሰውና በሰው መሃል ያለውን ግን ጣሉት እያለ። እኔ ይሄን መጽሐፍ የምወደው በዚህ ነው፣ ደራሲው ወገኖቹ ከእልቂት የተረፉ ናቸውና ልተዋቸው ሳይል፣ በጣም እየወደዳቸው እውነቱን ስለጻፈ።

ድምጿ የወጣው ደግሞ በምጥ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከዛ በፊት የከተማው ጌታ በባሏ ላይ ሲነሳበት ከድንጋጤ ብዛት ጮሃለች፣ ሰዉ ያኔ ዲዳዋ ተናገረች ተአምር ነው ብሎ አለፈው። በምጡ ጊዜ ግን ማለፍ አልተቻለም፣ ስቃዩ ሲበረታባት በገዛ አፏ እየጮኸች ታወራለች፣ ሴቶቹ መጀመሪያ የሞተ ሰው መንፈስ ገብቶባት ነው የሚያናግራት ብለው ይደነግጣሉ፣ በኋላ ግን እውነቱ ይወጣል። ያለቀስሽው እዛ ጋ መሆኑ ትክክል ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የዋጠችው ስድብና ሃሜት ነው አብሮ የሚወጣው።

አሁን ስለ መጨረሻው ልነግርሽ ነው፣ እንደገና ሳነበው ነው ማወቅ የምፈልገው ካልሽ የሚቀጥለውን አንድ አንቀጽ ዝለይው።

አጥንቱን አላለምሽውም፣ አለ። ሣራ ወልዳ ትሞታለች፣ የከተማው ሰዎች አይሁዳዊት አይደለችም ብለው ከመቃብሩ አጥር ውጪ ይቀብሯታል፣ ኤርምያስ ላይ የአህያ ቀብር እንደሚለው ማለት ነው። ያዕቆብ ተይዞ ሲወሰድ አምልጦ ሕፃኑን ይዞ ወደ ቅድስት ሀገር ይሰደዳል፣ ስሙንም ብንያም ይለዋል። እዚህ ጋ መቼም ዘፍጥረት ምዕራፍ 35ን ያነበበ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል፣ ያዕቆብ፣ በባዕድ አገር ለሌላ ሰው ከብት የጠበቀው፣ ራሔል መንገድ ላይ ስትወልድ የሞተችበት፣ ልጁን ብንያም ያለው። የልቦለዱ ያዕቆብ ራሱም ይሄን ያውቃል፣ ስሙን የተሸከመውን የአባቱን ዕጣ እየኖረ እንደሆነ መንገድ ላይ ያስበዋል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚስቱን አጥንት ሊወስድ ወደ ፒሊትዝ ይመለሳል፣ ሲደርስ የመቃብሩ ቦታ ሰፍቶ የሷ መቃብር ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። እሱ እዛው ታሞ ይሞታል፣ ለእሱ ሲቆፍሩ የሷን አጥንት ያገኛሉ፣ አብረው ይቀበራሉ። አጥር ያወጣትን ሴት ማህበረሰቡ ሳያስበው ወደ ውስጥ አስገባት ማለት ነው፣ ማንም ተከራክሮ ሳይሆን ሟች ስለበዛ።

ስለ ደራሲው ትንሽ ልበል፣ ፖላንድ የተወለደ የራቢ ልጅ ነው፣ በ1935 አሜሪካ ገብቶ ዕድሜውን በሙሉ በይዲሽ ነው የጻፈው፣ አብዛኛውን ሥራውንም ኒው ዮርክ ውስጥ ፎርቨርትስ የሚባል የይዲሽ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ነው ያወጣው፣ በ1978 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በልጅነቱ እናቱ ይዛው ቢልጎራይ የምትባል የእናቱ ወገኖች ከተማ ኖሯል፣ ዮዜፎቭም ጎራይም እዛው አጠገብ ያሉ እውነተኛ ከተሞች ናቸው። ናዚዎች የቢልጎራይን አይሁዶች በ1942 ወስደው ጨረሷቸው። ስለዚህ ይሄ ሰው ከ1648 በኋላ ወደ ፈረሰ ከተማው የሚመለስ ያዕቆብን ሲጽፍ፣ ያዕቆብ በየበሩ ማን ተረፈ ማን ሞተ እያለ ሲጠይቅ፣ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ብቻ እየጻፈ አይመስለኝም።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ልምጣ። 36 ጻድቃን የሚለው ነገር ታልሙድ ከሚባለው ከአይሁድ የሕግና የትውፊት መጽሐፍ የሚነሳ የቆየ ትውፊት ነው፣ በየትውልዱ 36 ጻድቃን አሉ፣ ዓለም በእነሱ ነው የምትቆየው፣ በሕዝብ ዘንድ ሲነገር ደግሞ ማን እንደሆኑ አይታወቅም፣ ጫማ ሰፊም ውሃ ቀጂም ሊሆኑ ይችላሉ። አንቺ ግን ከአባት ለልጅ የሚወርድ አልሽኝ፣ ቁልፉ እሱ ነው፣ ምክንያቱም በትውፊቱ ውርስ የለም፣ በዘር የሚወርድ ያደረገው ሽዋርዝ ባርት ነው። በእሱ መጽሐፍ የሌቪ ቤተሰብ በየትውልዱ አንድ ጻድቅ ይወጣዋል፣ ታሪኩ እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ይጀምራል፣ እዛ አይሁዶች ግንብ ውስጥ ተከበው በሕዝብ እጅ ከመውደቅ እርስ በርስ መሞትን መርጠዋል፣ ይሄ በእውነት የሆነ ነው፣ በ1190፣ ልቦለዱ ግን 1185 ይለዋል። ከዛ በየአገሩ እየተሰደዱ ፖላንድ ዘሚዮክ የምትባል ከተማ ይደርሳሉ፣ ከፖላንድ ጀርመን፣ ከጀርመን ፈረንሳይ። የመጨረሻው ኧርኒ ሌቪ ነው። ባቡሩ ውስጥ ያለው ወጣት ማለት እሱ ነው፣ ፓሪስ አጠገብ ድራንሲ ወደሚባለው ማጎሪያ የሚወዳት ልጅ ስለተወሰደች በገዛ እግሩ ሄዶ ገባ፣ ከዛ ወደ ኦሽዊትዝ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ወላጅ የሌላቸውን ህጻናት ሰብስቦ ወዴት እንደሚሄዱ ውሸት እየነገረ ያጽናናቸዋል። ደራሲው ራሱ ወላጆቹን ኦሽዊትዝ ነው ያጣው። ይሄንን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው አልመክርሽም፣ በተለይ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ልብሽ ሲችል ብቻ።

ለማግኘት፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ በተለያየ ጊዜ ደጋግመው ስለታተሙ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ መገኘታቸው አይቀርም፣ ግን ካቨሩን አትመኚ፣ ካቨሩ ከእትም እትም ይለያያል፣ ሻጩን በደራሲው ስም ጠይቂው። ዘ ስሌቭ የሚል ርዕስ ያላቸው ሌሎች መጻሕፍትም ስላሉ ስታገላብጪው የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያዕቆብና ዋንዳ ካሉ በቃ እሱ ነው። መጀመሪያ እሱን አንብቢ፣ ሁለተኛውን ቆየት ብለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የምጽፈው ከነታንያ ነው። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ የላከችልኝ ወፍራም ልቦለድ ነበር፣ በረሃ ውስጥ ተራራ ላይ ያለ ምሽግ፣ ሮማውያን ከበውት፣ አራት ሴቶች እርግብ ይጠብቃሉ። ቤት ስንቀይር ጠፋብኝ። ማሳዳ መሆኑን አውቃለሁ፣ የመጽሐፉን ስም ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ከሞት የተረፉ ሴቶች አሉ የሚለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄኛው ቀላል ነው የኔ እህት፣ የአሊስ ሆፍማን ዘ ዶቭኪፐርስ ነው፣ በ2011 የወጣ። አራቱ ሴቶች ያኤል፣ ሬቭካ፣ አዚዛና ሺራህ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አንደበት ነው የሚተርኩት። የሬቭካን የልጅ ልጆች ታስታውሺያቸው ይሆናል፣ እናታቸው ላይ የደረሰውን ካዩ በኋላ ድምፃቸው የጠፋው ልጆች።

የተረፉት ጉዳይ፣ አዎ፣ ምንጩ የዛው ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪየስ ነው። በ73 ወይም 74 ዓ.ም. ምሽጉ ሲወድቅ 960 ሰው ሞቶ ሁለት ሴቶችና አምስት ልጆች ብቻ ከመሬት በታች ውሃ መሄጃ ውስጥ ተደብቀው ተረፉ ይላል፣ ሮማውያኑም የሆነውን የሰሙት ከእነሱ ነው። ደራሲዋ የተነሳችው ከዚህች አንድ መስመር ነው፣ ወንዶቹ የተናገሩት ንግግር በረጅሙ ተጽፎ ሴቶቹ ስማቸው እንኳን የለም። የእርግብ ቤቱም ቢሆን ፈጠራ አይደለም፣ ይጋኤል ያዲን ከ1963 እስከ 1965 ማሳዳን ሲቆፍር ግድግዳቸው ጎጆ ጎጆ የሆነ ግንቦች አግኝቷል። በነገራችን ላይ የእኛ ሊቃውንት ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚሉት የግእዙ ዜና አይሁድ የሚመጣው ከፍላቪየስ በቀጥታ ሳይሆን በ10ኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ከተጻፈው ዮሲፖን ከሚባለው የዕብራይስጥ መጽሐፍ በአረብኛ በኩል ነው፣ እና የዕብራይስጡ ዮሲፖን ማሳዳ ላይ ሌላ ነገር ነው የሚለው፣ ወንዶቹ ራሳቸውን አላጠፉም፣ ወጥተው እየተዋጉ ሞቱ ይላል። ፍላቪየስንና ዮሲፖንን ጎን ለጎን ማንበብ የሚችል ሰው ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ አንድ ኮረብታ የሚቆፍሩ አርኪዎሎጂስቶች፣ በየንብርብሩ አንድ ዕቃ ሲያገኙ ወደዛ ዘመን የሚወስድ ልቦለድ፣ ውስጡ ዋሻ የሚቆፍር ኢንጂነር አለ። ምንድነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የጄምስ ሚችነር ዘ ሶርስ፣ 1965። ኮረብታው ማኮር ይባላል፣ ገሊላ ውስጥ የተቀመጠ የፈጠራ ቦታ ነው፣ 15 ንብርብር አለው። ኢንጂነሩ በዳዊት ዘመን ከተማው በከበባ ጊዜ ውሃ እንዳያጣ ወደ ምንጩ የሚወስድ ዋሻ የሚያስቆፍረው ነው፣ በወፍ ስም ሁፖ እያሉ የሚጠሩት። ከሁለት ጫፍ ተነስተው ተገናኙ የሚለው ክፍል የማይመስል ነገር ከመሰለህ ኢየሩሳሌም ላይ የሰሊሆም ዋሻ በእንደዛ ዓይነት መንገድ ነው የተቆፈረው፣ ቆፋሪዎቹ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምተው እንዴት እንደተገናኙ የሚናገር ጽሑፍ በ1880 ዋሻው ግድግዳ ላይ ተገኝቷል፣ አሁን እስታንቡል ሙዚየም ነው ያለው። መጽሐፉ በጣም ረጅም ነው፣ ከፈለግክ የሁፖን ምዕራፍ ብቻውን ማንበብ ትችላለህ፣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።